ከደቻቱ ማዶ የተቀመጠ ቅጂ

«ሲስተም የለም።»

በባንክ መስኮት፣ በገቢዎች ቢሮ፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይህችን ሁለት ቃል ያልሰማ የከተማ ሰው የለም። የሚናገራት ሠራተኛ ፊት ላይ ሐፍረትም ቁጣም አይነበብም፤ «ዛሬ ነፋስ ነው» እንደማለት ነው። እኛም «መቼ ይመጣ ይሆን?» ብለን ወረቀታችንን አጥፈን እንመለሳለን። ሲስተሙ የት እንደሄደ፣ ሲመጣ ከየት እንደሚመጣ፣ መንገድ ላይ ምን ጥሎ እንደሚመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የዚህን ጥያቄ ታሪክ ከድሬዳዋ እጀምራለሁ። አንድ መስመር ብቻ ይዞ መኖር ምን እንደሆነና አንድ ወንዝ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ ከድሬ በላይ የሚያውቅ ከተማ አላውቅም።

ከ1886 እስከ 1909 ዓ.ም.፦ አንድ ሐዲድ

ድሬዳዋን የወለዳት የተራራ ዋጋ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ሐረር ግን ከተራራ ላይ ናት፤ ሽቅብ መውጣቱ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ መስመሩ ሐረርን ወደ ላይ እያየ ከሜዳው ቀረ። በታኅሣሥ 1895 ባቡሩ የደረሰበት ያ ሜዳ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ውሎ አድሮ ድሬዳዋ ሆነ። ጣቢያው፣ ወርክሾፑና ቀጥ ቀጥ ያሉት ጎዳናዎች በከዚራ በኩል፣ ገበያው በመጋላ በኩል ሆኑ። መካከላቸው የደቻቱ ወንዝ አለ።

ሥራውን የጀመረው ኩባንያ ከሰረና ሐዲዱ ለዓመታት ከድሬ ሳያልፍ ቆመ። ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ግንባታው አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። 784 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ የሆነ ሐዲድ። የሀገሪቱ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅና ማሽን በዚህ ቀጭን ብረት ላይ ይመላለስ ጀመር።

የድሬ ሰው የሚኮራበት ወርክሾፑ ነው፤ ይገባዋልም። የተሰበረ ሎኮሞቲቭ ይጠገንበት፣ ከውጭ የማይመጣ ዕቃ ይቀረጽበት ነበር፣ ትውልድ ሙሉ የእጅ ባለሙያ ተምሮ ወጥቶበታል። ነገር ግን ወርክሾፑ የሚጠግነው የተሰበረውን ነው። ሐዲዱ ራሱ ቢቆረጥ በየት በኩል ይኬዳል? በሌላ በኩል የለም። ጥገናና አማራጭ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ድሬዳዋ የተማረችው ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሳይታሰብ ነው። ዛሬም አንድ መሥሪያ ቤት «ጎበዝ ቴክኒሻን አለን» ብሎ ሲመካ ያ ወርክሾፕ ትዝ ይለኛል።

ከ1965 እስከ 1970 ዓ.ም.፦ ሚኒሶታ የደረሰው ብራና

ቅጂ ለእኛ ባዳ አይደለም። ቁም ጸሐፊው ለዘመናት ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ፊደል በፊደል ሲቀዳ ኖሯል። የርስትና የጉልት ሰነድም በወንጌል ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ወንጌሉን ማንም አይደፍረውም፤ ስለዚህ ሰነዱንም የሚደፍረው የለም ተብሎ ነው። ብልህ አሠራር ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ወንጌሉም ርስቱም አብረው ይሄዳሉ።

ይህን ጉድለት የሞላው ሥራ የተጀመረው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ፈቃድና ፍላጎት የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም መነሣት ጀመሩ። አንዱ ፊልም አዲስ አበባ ይቀራል፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ተቀዱ።

ጊዜው አስገራሚ ነው። ሥራው ገና ሳይደላደል በ1966 አብዮቱ ፈነዳ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1968 መጀመሪያ በጥይት ተመተው እግራቸው ሽባ ሆነ፤ ለሕክምና ወጥተው ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት እዚያው ኮሌጅቪል፣ እነዚያን ፊልሞች ሲዘረዝሩና ሲመረምሩ ነበር። ሀገር ቤት መጽሐፉን ማየት ያልቻለ ተመራማሪ እዚያ ቅጂውን አገኘው። ቅጂ ግን ቅጂ ነው፤ ጥቁርና ነጩ ፊልም የሐረጉን ቀለምና የብራናውን ሽታ አልወሰደም። ምን ቢጠፋ ይቻላል፣ ምን ቢጠፋ አይቻልም? ይህ ጥያቄ ኋላ በሰርቨር ክፍሎችም ይመጣል።

ድሬዳዋ በዚያው ዘመን የአንድ መስመርን ዕዳ ከፈለች። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ወደ ከተማዋ ገሠገሠ፤ በነሐሴ አጋማሽ ከተማዋ ደጃፍ ላይ ውጊያ ሆነ። ከተማዋ አልተያዘችም። ሐዲዱ ግን ተቆረጠ፣ ድልድዮች ተሰበሩ፣ ባቡሩ ለወራት ቆመ። ወርክሾፑ በቦታው ነበር፤ ባለሙያውም ነበር። የሚሄዱበት መንገድ ነው ያጡት።

ከ1991 እስከ 1994 ዓ.ም.፦ ማሽን ፋይል ሲሆን

አሁን ወደ ሩቅ ሀገር ላፍታ እንሂድ፤ ለድሬ የሚተርፈው ነገር እዚያ ተፈጥሯልና።

አይቢኤም ቪኤም/370 የተባለውን ሥርዓት ያወጣው በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. 1972) ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አንድ ውድ ኮምፒውተር ራሱን ብዙ ኮምፒውተር አድርጎ እንዲያሳይ ማድረግ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ማሽን ያለው ይመስለዋል። ከዚያ ኮምፒውተር ረከሰና ነገሩ ተረሳ። ለኢሜይሉ አንድ ሰርቨር፣ ለሒሳቡ አንድ ሰርቨር፣ ለሠራተኛ አስተዳደሩ ሌላ ሰርቨር ተገዛ፤ ሁሉም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ሆኖ መብራት ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ቪኤምዌር የአይቢኤምን አሮጌ ሐሳብ ወደ ተራው ኮምፒውተር አመጣው። የመጀመሪያ ምርቱ በዓመቱ ወጣ፤ ለሰርቨር የተሠራው ደግሞ በ2001። ሰው የተደሰተው ዐሥር ሰርቨር በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለገባለት፣ መብራትና ቦታ ስለቆጠበ ነው። ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነበር፤ ብዙ ሰው ያስተዋለው ዘግይቶ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ማለት ፋይል ነው። ሃርድ ዲስኩ አንድ ትልቅ ፋይል፣ የማሽኑ መግለጫ አንዲት ትንሽ ፋይል። ፋይል ደግሞ ይቀዳል።

ከዚያ በፊት ሰርቨር ሲቃጠል የሚደረገውን አስቡት። ተመሳሳይ ሰርቨር ይፈለጋል፤ በእኛ ሀገር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ይጠበቃል፣ ጨረታ ይወጣል። ሲገኝ ሥርዓቱ ከዜሮ ይጫናል፣ ድራይቨሩ ይፈለጋል፣ ከዚያ ቅጂው የተያዘበት ቴፕ ይነበባል፤ ቴፑ ከተነበበ። ቨርቹዋል ማሽን ግን የሣጥኑ ማንነት አያስጨንቀውም። ፋይሉን በሌላ ማሽን ላይ አስቀምጦ ማስነሣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ጭራሽ እየሠራ ያለን ማሽን ሳያቋርጡ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ማዛወር ተቻለ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሁለቱ ሣጥኖች አንድ ዲስክ የሚያዩ ከሆነ ነው። ስለዚህ ዲስኮቹ ከየሰርቨሩ ወጥተው በአንድ የጋራ ስቶሬጅ ውስጥ ተሰበሰቡ። አንዱ ሰርቨር ቢሞት ሌላው ፋይሉን ከጋራው ስቶሬጅ አንሥቶ ሥራውን ይቀጥላል። እሰየው። ነገር ግን ዐሥር አባወራ እህሉን በአንድ ጎተራ ሲያስገባ አንድ እሳት ዐሥር ቤት ያስርባል። በጎተራው ውስጥ ዲስኮቹ እርስ በርስ እንዲተካኩ የሚያደርገው ሬይድ የተባለ ዘዴ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ሬይድ አንድ ዲስክ ሲሞት ያድናል፤ ጎተራው ሲቃጠል አያድንም። ይህን የማይለዩ አለቆች ዛሬም ሞልተዋል።

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር ኒው ዮርክ ላይ መንትያዎቹ ሕንፃዎች ወደቁ። ካንተር ፊትዝጀራልድ የተባለው የቦንድ አሻሻጭ ድርጅት 658 ሠራተኞቹን አጣ፤ ቢሮውም ሰርቨሩም አመድ ሆነ። ከሐድሰን ወንዝ ማዶ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ግን ሁለተኛ የኮምፒውተር ማዕከል ነበረው። የቦንድ ገበያው ከሁለት ቀን በኋላ ሲከፈት የድርጅቱ የኤሌክትሮኒክስ ግብይት አብሮ ተከፈተ። ሰዎቹን የሚመልስ ቅጂ የለም። መዝገቡ ግን ከወንዝ ማዶ ተረፈ፤ ከዚያን ቀን በኋላ «ሁለተኛ ማዕከል ቅንጦት ነው» የሚል የባንክ ኃላፊ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፦ ደቻቱ

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ዳርና ዳሩ ይነገድበታል። እንዲህ ያለ ወንዝ ያዘናጋል።

በዚያ ሌሊት ዝናቡ የዘነበው ከደቡብ ባለው የሐረርጌ ደጋ ላይ ነው። ከተማው ተኝቷል። ውኃው በጨለማ ደረሰና አፋፉን ሰብሮ ወደ ሰፈሩ ገባ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ወደ 10 ሺህ የሚሆን ሰው ያለ ቤት ቀረ። ደቻቱ ከዚያ በፊትም ሞልቶ ያውቃል፣ ከዚያ በኋላም ሞልቷል፤ የዚያን ሌሊት ያህል የገደለበት ጊዜ ግን በከተማዋ ትዝታ ውስጥ የለም።

ስለ ወረቀት ማውራት በዚህ ሐዘን ፊት ያሳፍራል። ቢሆንም በሕይወት የተረፈ ሰው በማግስቱ መኖር አለበት። ቤት ሲሄድ በመሳቢያው ውስጥ ያለው የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ የልጅ ትምህርት ማስረጃ አብሮ ይሄዳል። የዚያ ሰው ማንነትና ንብረት የሚመለሰው ሌላ ቦታ፣ ውኃ ያልደረሰበት መዝገብ ላይ ተጽፎ ከተገኘ ነው።

ኒው ዮርክ ላይ «ከወንዝ ማዶ» በቂ ነበር። ድሬ ላይ አይበቃም። ከከዚራ ተቀድቶ መጋላ የተቀመጠ ዲስክ ከእሳት ይተርፍ ይሆናል፤ ደቻቱ ግን ሲመጣ ለሁለቱም ዳር ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ምን ያህል ይራቅ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከካርታ ብቻ አይገኝም። መጀመሪያ የምንፈራው ምን እንደሆነ መባል አለበት። የምንፈራው እሳት ከሆነ ሌላ ሕንፃ፣ ጎርፍ ከሆነ ሌላ ተፋሰስ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ከሆነ ከስምጥ ሸለቆው ወጣ ያለ ቦታ ይሻል። የሰርቨር ክፍል ደግሞ ባትሪው ስለሚከብድና ኬብሉ ስለሚቀርብ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምድር ቤት ነው። ውኃ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የትኛውን በር እንደሆነ ለድሬ ሰው አይነገርም።

ከ2000 እስከ 2012 ዓ.ም.፦ «ሲስተም የለም» ስትወለድ

እ.ኤ.አ. በ2008 ቪኤምዌር ሳይት ሪከቨሪ ማናጀር የተባለውን ሶፍትዌር አወጣ። እስከዚያ ድረስ ሁለተኛ ማዕከል ማስነሣት በወረቀት የተጻፈ ረጅም ዝርዝርና ደንግጦ የሚሯሯጥ ባለሙያ ነበር። አሁን ዝርዝሩ ራሱ ፕሮግራም ሆነ፤ የትኛው ማሽን ቀድሞ ይነሣል፣ የትኛው ይከተላል፣ አድራሻው ወደ ምን ይቀየራል። በዚያው ዓመት ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬድ፣ ፕሮክስሞክስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ወጣ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ቦታ አልሰጠውም።

እኛ ዘንድ በነዚያ ዓመታት የሆነው ነገር ማሰባሰብ ነበር። ወረዳኔት ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር አገናኘ። ባንኮች ኮር ባንኪንግ የሚሉትን አሠራር ተከሉ። የቀድሞውን የሚያስታውስ ያስታውስ፤ ድሬ ላይ የተከፈተ ደብተር ብር የሚያወጣው ድሬ ላይ ነው፣ ከዚያ ቅርንጫፍ ብቻ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ መዝገብ ነበረው። ከዚያ ሁሉም መዝገብ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ የጋራ ስቶሬጅ ገባ። ደንበኛው የትም ሆኖ ማውጣት ቻለ፤ ትልቅ በረከት ነው፣ ማንም ወደኋላ መመለስ አይፈልግም። ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ቀድሞ የአንድ ቅርንጫፍ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚቆመው ያ ቅርንጫፍ ነው። አሁን መሐል ላይ ያለው ሲያስነጥስ ከጅጅጋ እስከ መተማ ያለው ሠራተኛ በአንድ አፍ «ሲስተም የለም» ይላል። ሐረግዋ የተወለደችው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሁለተኛ ማዕከል፣ ባለሙያዎቹ ዲአር ሳይት የሚሉት፣ ማሰብ የግድ ሆነ። ያኔ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ የስንት ደቂቃ ሥራ ቢጠፋ እንችላለን? ለስንት ሰዓት ብንዘጋ እንችላለን? ለባንክ የመጀመሪያው መልስ «ምንም» ነው። ለቤተ መጻሕፍት «የአንድ ቀን» ቢሆን ሰማይ አይወድቅም። ይህን ሳይወስን ዕቃ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ወይ ገንዘቡን ያባክናል ወይ መዝገቡን ያጣል።

የመጀመሪያው መልስ «ምንም» ከሆነ እያንዳንዱ ጽሑፍ በሁለቱም ቦታ መጻፉ ሳይረጋገጥ ሥራው አይቀጥልም። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ቀረጥ ትጠይቃለች። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ 500 ኪሎ ሜትር ቢባል ደርሶ መልሱ 5 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ የኬብሉ ጥምዝና የመሣሪያው መዘግየት ሲጨመር ከዚያ ያልፋል። ለሰው ዐይን ይህ ምንም ነው። በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጽሑፍ ለሚጽፍ ዳታቤዝ ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ ድሬ ደርሶ እስኪመለስ መጠበቅ ማነቆ ነው። ስለዚህ በዚህ ርቀት የሚመረጠው ቅጂው በጥቂት ሰከንድ ወይም ደቂቃ ወደኋላ እየቀረ እንዲከተል ማድረግ ነው። የቅርቡ ቅጂ ምንም አያጠፋም፣ ግን አብሮ ይሰምጣል። የሩቁ ቅጂ ይተርፋል፣ ግን ትንሽ ጎድሎ። አቅም ያለው ሁለቱንም ይይዛል።

ሌላም ወጥመድ አለ። በሁለቱ ማዕከላት መካከል ያለው መስመር ብቻ ቢቆረጥስ? ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ግን አንዱ ሌላውን ሞተ ብሎ ያስባል። ሁለቱም «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብለው መጻፍ ይጀምራሉ። መስመሩ ሲመለስ ሁለት የማይታረቁ መዝገቦች ይገናኛሉ። መፍትሔው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሁለቱ ተከራካሪዎች ካልተስማሙ ሦስተኛ ሽማግሌ ይቀመጣል። ባለሙያዎቹ በሦስተኛ ቦታ ምስክር የሚሉትን ትንሽ ማሽን ያስቀምጣሉ፤ ድምፁን ያገኘው ወገን ይጽፋል፣ ያላገኘው አፉን ይዘጋል።

ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም.፦ እሳቱና የተቀዳው ስሕተት

መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ የኦቪኤች ኩባንያ የዳታ ማዕከል ተቃጠለ። አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። በሺዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ከመረቡ ጠፉ። የብዙዎቹን ባለቤቶች ያሳበደው ግን ከእሳቱ ይልቅ የባክአፑ ነገር ነው። ባክአፕ ገዝተናል ያሉ ደንበኞች ቅጂያቸው እዚያው ግቢ ውስጥ እንደነበር ያወቁት አመዱን አይተው ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ኩባንያው ካሣ እንዲከፍል የተፈረደበት ጊዜም ነበር።

ድሬዳዋ በነሐሴ 23 ቀን 2014 አንድ ታሪካዊ ቀን ነበራት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው በሙከራ ደረጃ እዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ተራዋን ጠብቃ ተከተለች። ለዘመናት አንድ የቴሌኮም ድርጅት ብቻ በነበረባት ሀገር ሁለተኛው የተጀመረው ሐዲዱ በጀመራት ከተማ መሆኑ ደስ ይላል። በነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ ላይ እንደ ሬድፎክስ፣ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ የዳታ ማዕከላት በአይሲቲ ፓርክ ግቢ ተሠሩ፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ጀመረ። መልካም ነው። ነገር ግን ዋናውን አንዱ ዘንድ፣ ቅጂውን ከዚያው ግቢ ሌላው ዘንድ የሚያስቀምጥ ድርጅት የስትራስቡርግን ነገር አንድ ጊዜ ቢያስብ ጥሩ ነው።

ከዚያ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማዛወር እንደሚችሉ ያወቁበት ሌሊት። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ሮጠ፤ ኤቲኤሞች ፊት ሰልፍ ሆነ። ብሔራዊ ባንክ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ ችግሩ በተለመደ የሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ መካከል የተፈጠረ መሆኑን አስታወቀ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣ ገለጸ።

ይህን እዚህ ያነሣሁት ባንኩን ለመውቀስ አይደለም። ቅጂ የማያድነው ነገር ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ስለሌለ ነው። ከዋናው ማዕከል በሰከንድ እየተከተለ የሚቀዳ ሁለተኛ ማዕከል ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም እኩል ይቀዳል። ሠራተኛ በስሕተት የደመሰሰው፣ ቫይረስ የቆለፈው፣ ዝመና ያበላሸው ፋይል ሁሉ በታማኝነት ማዶ ይደርሳል። ለዚህ የሚረዳው የቆየ ቅጂ ነው፤ የትናንት፣ የሳምንት፣ የወር፣ ማንም ሊለውጠው የማይችል። ባንክ ላይ ግን እሱም በቀላሉ አይሆንም፤ ወደ ትናንት መመለስ የዛሬውን ሐቀኛ ግብይትም ያጠፋልና። ንግድ ባንክ ገንዘቡን ያስመለሰው ደንበኞቹን በመጥራትና ያልመለሱትን ስምና ፎቶ በመለጠፍ ነው። በስተመጨረሻ የዳነው በሰው ነው።

በዚያው ዓመት ሦስት ነገሮች ተደረቡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣና መረጃን ሀገር ውስጥ ማስቀመጥ ሕጋዊ ጉዳይ ሆነ። ቪኤምዌርን ብሮድኮም ገዝቶ አንዴ ተገዝቶ ለዘለዓለም የሚያገለግለውን ፈቃድ መሸጥ አቆመ፤ በየጊዜው ክፈሉ አለ። ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የምንዛሪ ሥርዓቱ ተለወጠና በዶላር የሚከፈል ሁሉ በብር ሲታሰብ ጣሪያ ነካ። ያኔ የተናቀው ፕሮክስሞክስ በብዙ የሰርቨር ክፍሎች ስሙ መነሣት ጀመረ።

ከ2017 እስከ 2018 ዓ.ም.፦ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ

በ2017 መጀመሪያ የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነገሩ ለወራት ቀጠለ፤ ታኅሣሥ 26 ሌሊት 5.7 ገደማ የተመዘገበ መንቀጥቀጥ ሆነ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቀቀ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተኛ ሰው አልጋው ሲወዛወዝ ነቅቷል። አዋሽና መተሐራ ደግሞ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ናቸው። ዋናው መንገድ በዚያ ያልፋል፣ በ2009 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚያ ያልፋል፤ ፋይበር ደግሞ መንገድ ተከትሎ ይቀበራል። ዋናውና ቅጂው በሁለት ጥግ፣ የሚያገናኛቸው ክር በስምጥ ሸለቆው መሐል። የ1969ኙን ሐዲድ የሚያስታውስ ይህን አይቶ ዝም ማለት አይችልም።

መስከረም 16 ቀን 2018 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ የመንግሥት ዳታ ማዕከል ውስጥ ባትሪ ተቃጠለ። ከ600 በላይ የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። በእሳቱ ከወደሙት አንዱ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት የጋራ ስቶሬጅ ነበር፤ 858 ቴራባይት። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። ብዛቱ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ለመቅዳት አይመችም ተብሎ ነው። በዓለም ላይ በኮምፒውተር ከላቁት ሀገሮች አንዷ ላይ ይህ ሆነ፤ እኛ ዘንድ «ስቶሬጁ ትልቅ ነው፣ ባክአፕ አይቻልም» የሚል ሰው ሲመጣ ይህን ቁጥር ንገሩት።

ለድሬዳዋ ምን ይተርፋታል? እኔ ብጠየቅ ከተማዋ ለሀገሪቱ ሁለተኛ ማዕከልነት ከማንም አታንስም እላለሁ። ከጅቡቲ ባሕር የሚመጣው ኬብል በዚህ አቅጣጫ ይገባል፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ከሐዲዱ ዘመን ጀምሮ የወርክሾፕ ባህል አላት። ሙቀቷ ዋጋ ያስከፍላል፤ ማቀዝቀዣው እንደ አዲስ አበባ አያርፍም፣ መብራት ሲጠፋም ክፍሉ በደቂቃ ምድጃ ይሆናል። ቦታው ደግሞ ከደቻቱ አፋፍ ርቆ፣ ከፍ ብሎ መመረጥ አለበት። ይህ ከታሰበበት የሚቀረው የመስመር ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛ መስመር፣ በሌላ አቅጣጫ።

የመጀመሪያውን ቅጂ ለመላክም መጨነቅ የለም። 10 ቴራባይት መረጃ በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ቢላክ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል። ያው መረጃ በተቆለፉ ዲስኮች ተጭኖ በባቡር ቢሄድ በዕለቱ ድሬ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ፋይበሩ የሚሸከመው የዕለቱን ለውጥ ብቻ ነው። በትልልቅ ሀገሮችም የሚደረገው ይኸው ነው።

ድሬም ሆነ ሌላ ከተማ በሰርቨር ክፍል የምትሠሩ፦ በዚህ ሳምንት አንዲት ቨርቹዋል ማሽን ምረጡ። ዋናዋን ሳትነኩ ቅጂዋን በሌላ ሣጥን ላይ አስነሡ። ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ምን እንደጎደላት ጻፉ፤ ወረቀቱንም አለቃችሁ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። ካልተነሣች ደግሞ ደቻቱ ሳይመጣ ማወቃችሁ ነው።